ደመና የሚነሣበት ሰዓት

በመካነ ሰላም አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ድሮ የግጦሽ መሬት ነበረ፤ ከብቶቹም ይህን አልረሱትም። ማክሰኞና ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የምትመጣው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ድምፅዋ ከሩቅ ሲሰማ፣ ሣሩ ላይ አንድ ላም ወይም አንድ አህያ አይጠፋም። በደብዳቤ የተቀጠረው ዘበኛ ብዙነህ ነው። ብዙነህ ግን ወታደር ሳለ ጉልበቱን ስለተመታ መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ደመወዙ የብዙነህ፣ ሩጫው የሚስቱ የአሰጋሽ ነበረ።

አሰጋሽ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ረዘም ያለች ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ መጠየቅ ትወዳለች። እናቷ፣ «ይችን ልጅ የሚያገባት ሰው መልስ በአህያ ጭኖ ይምጣ» ይሉ ነበር። ብዙነህ መልስ ጭኖ አልመጣም። አትጠይቂ ብሎ ግን ከልክሏት አያውቅም፤ ይህም በዚያ አገር ቀላል ነገር አልነበረም።

በሥልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። አውሮፕላኗ ቆማ ወኪሉ አቶ ቸኮል የተሳፋሪዎችን ስም ይጠራል። አብራሪው ካፒቴን ጀብሪል በክንፏ ጥላ ሥር ቆሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በኩል ይመለከታል። የደሴ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቶሎ የማይስቅ ሰው። ከገደሉ በላይ አንድ ነጭ ደመና እንደ ተባዘተ ጥጥ ተቆልሎ ቆሟል።

«አያ ብዙነህ፣ ያ ደመና መቼ ነው የተነሣው?» ሲል ጠየቀ።

ብዙነህ ደመናውን ገና አሁን ማየቱ ነው። «ጧት አልነበረም» አለ።

«ጥላዬ ስድስት ጫማ ሲሆን አልነበረም» አለች አሰጋሽ፣ ከኋላቸው አንዲት ጥጃ በአርጩሜ እየገፋች። «አምስት ጫማ ላይ መዳፍ የምታህል ብቅ አለች። አሁን አራት ጫማ ነው። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ግን ጥላዬ እግሬ ሥር እስኪገባ ድረስ አልወጣም ነበር። ዛሬ ቸኩሏል።»

ካፒቴኑ ዞሮ አያት፤ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። «እንግዲያው እኔም ልቸኩል» አለና አቶ ቸኮልን በእጁ ጠቀሰው።

«ካፒቴን» አለች አሰጋሽ። ባሏ በዐይኑ ሊያስጠነቅቃት ሞከረ፤ አላየችውም። «ደመናው ሁልጊዜ ከገደሉ በላይ የሚነሣው ለምንድን ነው? እኛ ደጋው ላይ ነን፤ ለሰማይ የምንቀርበው እኛ አይደለንም?»

«ሸለቆው ቆላ ነው። ፀሐይ ስትመታው መሬቱ ይግላል፤ መሬቱ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይቀላል፤ ሲቀል ወደ ላይ...»

«ይወጣል» አለች። «አሞሮቹን የሚያነሣቸው እሱ ነው ማለት ነው።»

«የትኞቹ አሞሮች?»

«ከገደሉ አፋፍ እየዞሩ የሚወጡት። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሽቅብ ሲወጡ አያለሁ፤ የሚያነሣቸው ነገር ከሌለ እንዴት ይወጣሉ? ደግሞ ወጥተው ወጥተው ከዐይን የሚጠፉበት ቦታ ላይ ነው ደመናው የሚጀምረው።»

ካፒቴን ጀብሪል ወደ ገደሉ ዞሮ አየ። «ወላሂ፣ እኛም ስንበርር አሞራ ስናይ እንጠነቀቃለን» አለ። «የሚወጣው አየር እርጥበት ይዟል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ያን ሁሉ እርጥበት መሸከም አይችልም። ያኔ ደመና ይሆናል።» ይህን ብሎ ወደ መሰላሉ ሄደ። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ ካሳረፈ በኋላ ተመለሰና፣ «ማክሰኞ ስመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሣ ንገሪኝ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል አንድ ልማድ ሆነ። እሷ ስለ ደመናው ያየችውን ትነግረዋለች፤ እሱ በምላሹ አንድ ጥያቄ ይመልስላታል። ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለማይቆም ሁለት ጥያቄ አይቻልም። እሷም በመሐሉ ባሉት ቀናት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ከብት ስታባርር የትኛውን ላስቀድም እያለች ትመርጣለች።

ነጭ ሆኖ የተነሣ ደመና ለምን ይጠቁራል ብላ ጠየቀችው። ጠቁሮ ሳይሆን ወፍሮ ነው፣ ፀሐይ አላሳልፍ ስለሚል ነው፤ ከላይ ሆነሽ ብታዪው ያው ነጭ ነው አላት። ይህ ነገር ሳምንት ሙሉ አስገረማት። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚፈራው ጥቁር ነገር ከላይ ነጭ ነው ማለት ነው።

አንዳንዱ ደመና ትንሽ ሆኖ ሲቀር አንዳንዱ ለምን ማደጉን አያቆምም ብላ ጠየቀችው። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ደመናውን ከውስጥ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርጥበት ከታች እስካልተቋረጠ ድረስ ይወጣል፤ በመጨረሻ የሰማዩ ጣራ ጋ ሲደርስ መውጣት ሲያቅተው ወደ ጎን ይንጣለላል አላት። «አናቱ እንደ ግራር ዛፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ካየሽው ከዚያ ደመና ራቂ» አላት።

ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ቀዝቃዛው ነፋስ ለምን ይቀድማል ስትለው ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርጎ መለሰላት፤ እሱ ራሱ የሚፈራው ነገር ነውና። ውሃውና በረዶው ሲከብድ አየሩን ይዞት ይወርዳል፤ የወረደው ብርድ መሬት ሲመታ እንደ ፈሰሰ ውሃ በአራቱም አቅጣጫ ይሮጣል። «ለማረፍ ዝቅ ስል ከፊት ይመጣና ያነሣኛል። ተነሣሁ ስል ወዲያው ከጀርባ ይመጣና ይጥለኛል። ከመሬት ሃያ ክንድ ላይ ሆነሽ መጣል ደግሞ መመለሻ የለውም።»

ስለ መብረቅ ስትጠይቀው፣ «ላይ ያለው በረዶ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነው ይላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በደንብ አላውቀውም» አላት። ከመልሶቹ ሁሉ ይህን አብልጣ ወደደችለት።

ይህ ወሬ የእናቷ ወንድም ጆሮ ደረሰ። መሪጌታ ካሳ በአካባቢው በረዶ ከልካይ ነበሩ። እሸት ሲያሸት ደመና ከጠቆረ መቋሚያቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ወጥተው ይጸልያሉ፤ በረዶው አልፎ ከሄደ ገበሬው በመኸር ጊዜ ከምርቱ ይሰጣቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳው መጡ። ብዙነህ ሊቆጡ የመጡ መስሎት ነጠላውን አስተካክሎ ቆመ። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «አብራሪው ምን አለሽ?» አሉ።

አሰጋሽ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። መሪጌታ አንድም ቃል ሳያቋርጧት አዳመጧት። ስትጨርስ፣ «እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ» አሉ። «በረዶ የያዘ ደመና ሆዱ የጎመን ቅቅል ውሃ ይመስላል። ሊወርድ ሲል ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ ቀጥ ይላል፤ ንቦች ቀድመው ይገባሉ። ሠላሳ ዓመት ኮረብታ ላይ ስቆም ያየሁት ነው።»

«የኔታ፣ እንግዲያው የሚመልሱት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ እጸልያለሁ። መመለሱ የፈጣሪ ነው። መምጣቱን ማወቅ ግን የዐይን ሥራ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያዘው፤ እኔም አልተቃወምኩም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እስቲ አብራሪውን ጠይቂልኝ፤ በሞቃት ቀን ሰማይ ላይ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ከየት ይመጣል?» አሏት።

ካፒቴኑ ሲጠየቅ፣ ወደ ላይ የሚወጣው አየር የውሃውን ጠብታ ይዞ ከፍ ወዳለው ብርድ ያደርሰዋል፣ እዚያ ይረጋል አለ። እንዴት እንዲያ እስኪያክል ድረስ እንደሚያድግ ግን አያውቅም። «እኛ ዙሪያውን ነው የምንበርረው። ውስጡን ያየ ሰው መጥቶ አላወራልኝም» አለ።

ከዚያ ሥልሳ አምስት መጣ። የበልጉ ዝናብ በየካቲት ይጠበቃል፤ የካቲት አለፈ። መጋቢት አለፈ። ደመናው እንደ ልማዱ ከገደሉ በላይ ብቅ ይላል፤ ጥቂት ከፍ ይልና እንደ ዶሮ ላባ ተበትኖ ይጠፋል። አሰጋሽ ጥላዋን እየለካች ትጠብቃለች። የሚነሣበት ሰዓት አልተለወጠም፤ አሞሮቹም እንደ ወትሮው ይወጣሉ። የጎደለው ምን እንደሆነ ማወቅ አቃታት።

በሰኔ የሜዳው ዳር የሰው ሰፈር ሆነ። ከቆላው ቀበሌዎችና ከምሥራቅ በኩል የመጡ ቤተሰቦች፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦታ እህል አይጠፋም ብለው፣ ከአጥሩ ሥር ሸማቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። አውሮፕላኗ አንዳንድ ጊዜ የዱቄት ወተት ታመጣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የምታመጣው ደብዳቤና ሹማምንት ነው። አሰጋሽ ያላትን ባቄላ ቀቅላ ለልጆቹ ታድላለች። ከብት ማባረሩ ቀረ፤ የሚባረር ከብት አልነበረምና። በምትኩ ልጆችን ከአውሮፕላኗ መንገድ በእጃቸው እየያዘች ታወጣ ነበር።

«ሙቀቱ አለ፤ አየሩም ይወጣል» አለችው ካፒቴኑን። «ታዲያ ዝናቡ የት ሄደ?»

«ሙቀት ብቻ አይበቃም» አላት። «ደመናው የሚያድገው በእርጥበት ነው፤ እርጥበቱን የሚያመጣው ከሩቅ ባሕር የሚነሣ ነፋስ ነው። ዘንድሮ ያ ነፋስ መንገዱን ለቋል። ከላይ ደግሞ ደረቅ አየር ወደ ታች እየተጫነ እንደ ክዳን ገጥሞበታል። ከሥር የሚወጣው ክዳኑን ሊያነሣው አልቻለም።»

«ነፋሱ ለምን መንገዱን ለቀቀ?»

ሁለተኛ ጥያቄ ነበር። ካፒቴኑ ወደ አጥሩ ዳር፣ ወደ ተቀመጡት ሰዎች አየ። «ይህን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አለ። «አብሽሪ፣ ሲመጣ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።» በዚያ ቀን የራሱን ምሳ ለአንዲት እናት ሰጥቶ ሄደ።

ዝናቡ ተመልሶ የመጣው በቀጣዩ ዓመት፣ በሥልሳ ስድስት ክረምት ነው። ረሃቡ ግን ከዝናቡ ጋር አልሄደም፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለት ምን ሊያበቅል። ከአዲስ አበባ ደግሞ ሚኒስትሮች ታሰሩ፣ ወታደሮች ኮሚቴ አቋቋሙ የሚል ወሬ በየበረራው ይመጣል። በሐምሌ አንድ ሐሙስ፣ ከተራው ውጭ ስንዴ የጫነ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተባለ። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ከንጋት ጀምሮ በሜዳው ዳር ተሰበሰበ።

ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አምስት አለፈ። አቶ ቸኮል፣ ከደሴ የመጡ የኮሚቴ ሰዎች ከተማው ውስጥ ስብሰባ ጠርተዋል ተብሎ፣ ከአብራሪው ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ያለበትን የቆርቆሮ ቤት ቆልፎ ሄደ። ፀሐይዋ ከዝናብ በኋላ እንደምትወጣ ፀሐይ ታቃጥላለች። አሰጋሽ ወደ ምዕራብ ስታይ ደመናው ተነሥቷል። የዚያን ቀኑ፣ ዐይን እያየው የሚያድግ ደመና ነበር፤ ሆዱ ከገደሉ አፋፍ ተሻግሮ ወደ ደጋው ገብቷል። ሰባት ሰዓት ላይ አናቱ ተንጣለለ።

መሪጌታ ካሳ አዝመራ ስላልነበራቸው እሳቸውም ስንዴ ፈላጊ ሆነው ከሰዉ መሐል ነበሩ። ተነሥተው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። «ሆዱን አየሽው?» አሏት።

«አየሁት፤ የጎመን ውሃ ነው።»

«ነፋሱስ?»

የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀይና ነጭ ጨርቅ ምሰሶው ላይ ሞቶ ተንጠልጥሏል። ያኔ ከደቡብ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሰዉ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

ብዙነህ በአደራ የሚጠብቀው አንድ ሣጥን ነበረ። ውስጡ ሁለት ረጃጅም ነጭ አቡጀዲ አለ። ሜዳው ከተበላሸ ወይም አደጋ ካለ መስቀለኛ ይነጠፍ፣ አብራሪው ሲያይ አያርፍም ተብሎ የተሰጠው ነው። አሰጋሽ ሣጥኑን አየች፤ ቀጥላ ሰዉን አየች። ከአጥሩ ሥር ብርሀንነሽ የምትባል፣ ከቆላ ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች ሴት ትንሹን አዝላ ቆማለች። ስንዴው ከመጣ ዛሬ ማታ ይበላል። አቡጀዲው ከተነጠፈ ስንዴው ይመለሳል።

«አንቱ፣ ሣጥኑን ይክፈቱት» አለች ባሏን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ያ ደመና ላያችን ላይ ሲወድቅ እሱ ሜዳው መሐል ነው የሚሆነው።»

ብዙነህ ጥቂት አሰበና ሣጥኑን ከፈተው። «ደብዳቤው በስሜ ነው። የጠየቀ ካለ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አላት። አንዱን ጫፍ እሱ እያነከሰ፣ ሌላውን እሷ እየሮጠች መስቀለኛ አነጠፉት፤ ማዕዘኖቹን በድንጋይ አስያዙ።

አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ መጣች። ሰዉ እጁን ያወዛውዛል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ክንፏን ወዝወዝ አድርጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ሄደች። ሰዉ ድምፅዋ እስኪጠፋ በዐይኑ ተከተላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ለአሰጋሽ በሕይወቷ ረጅሙ ነበር። ፀሐይ አልጠፋችም። ጠብታ አልወረደም። አንድ ሰውዬ ነጠላዋን ጨምድዶ ያዘና፣ «ማነሽ አንቺ? በማን ፈቃድ ነው?» አለ። መሪጌታ ካሳ በመሐል ገብተው እጁን በእርጋታ አስለቀቁት። ብርሀንነሽ ግን አልጮኸችም። ቀረብ ብላ፣ «ልጄን ምን ልበለው?» ብቻ አለች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የረጠበ አፈር ሽታ። ቀጥሎ ብርዱ መጣ። ምሰሶው ላይ የሞተው ጨርቅ በአንድ ጊዜ ተወጥሮ ቆመ፤ ወዲያው ተገልብጦ ወደ ሌላው አቅጣጫ ቆመ። አቡጀዲው ከነድንጋዩ ተነሥቶ በረረ። ብዙነህ የቆርቆሮ ቤቱን ቁልፍ በድንጋይ ሰበረውና ሕፃናትንና ሽማግሎችን ወደ ውስጥ አስገባ፤ የቀረው ሰው በግድግዳው ተለጠፈ። በረዶው ሲወርድ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ መስማት አልቻለም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነበር። የጣራው ግማሽ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ሲያባራ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ነጠላዋን ጨምድዶ የያዛት ሰውዬ በረዶ ዘግኖ ለልጆቹ ያጎርስ ነበር።

ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አውሮፕላኗ የመጣችው ቅዳሜ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ አንድ ሽማግሌና የብርሀንነሽ ትንሹ ልጅ ሞቱ። አሰጋሽ በቀብሩ ላይ ቆማ ከብርሀንነሽ ዐይን አልሸሸችም፤ ብርሀንነሽም አልሸሸችም።

ስንዴው ሲወርድ ካፒቴኑ ሊያመሰግናት መጣ። እሷ ግን ጥያቄዋን አዘጋጅታ ነበር።

«ያን ቀን ከዞሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ነበረ። አርፈው፣ አራግፈው መሄድ ይችሉ ነበር?»

ካፒቴን ጀብሪል ቆቡን አወለቀ። «ማረፍ እችል ነበር ይመስለኛል» አለ። «ለማራገፍ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ስነሣ ይይዘኝ ነበር። ወይም አልነሣም፤ እዚሁ እቆይና በረዶው ክንፉን ይበሳዋል። ወይም ደግሞ...» አቆመ። «አላውቅም፣ አሰጋሽ። እኔ አንቺን ብሆን አነጥፈው ነበር። ግን አላውቅም።»

ይህን «አላውቅም» እንደ መብረቁ መልስ አልወደደችውም፤ ሆኖም ከሌላው ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ አብሯት ኖረ።

በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት በየካቲት ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች መካነ ሰላም ገቡ። ከእነሱ አንዷ ሐረግ ነበረች፤ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የምትማር፣ ፈጣን አነጋገር ያላት የሃያ ዓመት ልጅ። ማታ ማታ አሰጋሽን ፊደል አስቆጠረቻት። የመሬት አዋጁ ታውጆ በየቦታው ስብሰባ ሲጠራ፣ ዘማቾቹ በመሪጌታ ካሳ ላይ ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ ጠየቁ። በረዶ እመልሳለሁ እያሉ የገበሬውን ላብ በልተዋል የሚል ነበር ክሱ። አሰጋሽም እንድትናገር ተጠራች።

«የኔታ ይጸልያሉ» አለች ቆማ። «በረዶው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው ያውቃሉ፤ የሚያውቁትም በማየት ነው። እህል መቀበላቸው ልክ ይሁን አይሁን እናንተ ፍረዱ። ዐይናቸውን ግን ውሸት ነው አልልም።»

መሪጌታ ተነሡና ወደ ሐረግ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። በረዶ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂ እንደሆነ አስተምሪኝ። በሚመጣበት ቀን እልክብሻለሁ፤ ኮረብታው ላይ አብረሽኝ ቁሚ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሐረግ ፊቷ ቀላ፤ ሆኖም እሺ አለች።

በሚያዝያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መልእክት ላኩባት። አሰጋሽን ጨምሮ ሦስቱ ኮረብታው ላይ ካለ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው በረዶው ሲወርድ አዩ። ሲያባራ ሐረግ ወጥታ ትልቁን መረጠች፤ ከኪሷ ትንሽ ቢላ አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። እንደ ሽንኩርት ነበር፤ አንድ ነጭ ቀለበት፣ አንድ እንደ መስተዋት የጠራ ቀለበት፣ እንደገና ነጭ።

አሰጋሽ ከእጇ ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። «በአንድ ጊዜ አልረጋም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወጥቶ ውሃ ነክቶት ረግቷል፤ ወደቀ፤ የሚወጣው ነፋስ መልሶ ይዞት ወጣ። እንደገና ለበሰ። ነፋሱ መሸከም እስኪያቅተው ድረስ።»

«እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» አለች ሐረግ። «ስለዚህ ትልቅ በረዶ ካየሽ ነፋሱ ምን ያህል ኃይለኛ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ውሃው ቶሎ ሲረጋ አየር ውስጡ ይቀርና ነጭ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ሲረጋ ግን ይጠራል።»

መሪጌታ ካሳ እጃቸውን ዘረጉ። «ቢላውን ስጭኝ» አሉ፤ ጎንበስ ብለው ሌላ አነሡ። እስኪቀልጥ ድረስ አሥራ አንድ በረዶ ከፈሉ። አንዱ አራት ቀለበት፣ አንዱ ሰባት ነበረው። «ሠላሳ ዓመት» አሉ ለራሳቸው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሬ ሥር ሲቀልጥ አንድም ቀን አልከፈትኩትም።»

ከዚያ በኋላ ክሱን ያነሣ ሰው አልነበረም። ሐረግ ለገበሬ ማኅበሩ ሐሳብ አቀረበችና መሪጌታ ምልክቱን ሲያዩ ደወል እንዲደውሉ፣ ሰዉም ከብቱንና የተዘረጋ እህሉን እንዲሰበስብ ተወሰነ። እህል መቀበሉን ተዉት። አንድ ቀለበት ከሌላው ለምን እንደሚወፍር ሐረግ መጽሐፍ አይታ ልትጽፍላቸው ቃል ገብታ በክረምቱ ሄደች። ደብዳቤው አልመጣም። ዘመኑ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ለምን ብሎ ጮክ ብሎ የማይጠይቅበት ዘመን ሆነ። አሰጋሽ ግን ከአንዱም ከሌላውም ተሳፋሪ ሐረግ የምትባል ታውቃላችሁ ወይ ማለቷን አልተወችም።

በሥልሳ ስምንት ብዙነህ በጡረታ ወጣ፤ የዘበኝነቱ ደብዳቤ በአሰጋሽ ስም ተጻፈ። በጣቷ ሳይሆን በፊርማዋ ተቀበለችው። በዚያው ግንቦት፣ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን፣ በቅሎ ተውሳ ባሏን በበቅሎው ላይ አስቀምጣ ወደ ዓባይ ገደል ሄደች። ይህን ሁሉ ዓመት ከሩቅ ስታየው ኖራ አፋፉ ላይ ቆማ አታውቅም ነበር። ብዙነህ መንገዱን ሁሉ፣ «ገደል ለማየት ይህን ያህል መንገድ?» እያለ ሄደ።

ሲደርሱ እኩለ ቀን ነበር። ጫፉ ላይ ቆመች። ሙቀቱ ከታች እየመጣ ፊቷን ዳሰሳት፤ ነጠላዋን ወደ ላይ ገለበጠው። ደረቅ ሣር ጨብጣ ወደ ገደሉ ወረወረች። ሣሩ አልወደቀም። ከእጇ በላይ፣ ከራሷ በላይ ወጣ፤ እየዞረ እየዞረ አነሰ።

«አዩት?» አለች።

ብዙነህ ከበቅሎው ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። «እስቲ ድገሚው» አላት።

ስትደጋግመው እግሯ ሥር የነበረው ጥላ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ረዝሞ ነበር። ሲመለሱ ደመናው በመንገድ ደረሰባቸው፤ ቤታቸው የገቡት እስከ አጥንታቸው በስብሰው ነው።